ግራንማን ለመጎብኘት፦ ከሃቫና የመስታወት አዳራሽ እስከ ላስ ኮሎራዳስ ረግረግ

የኩባን አብዮተኞች ከሜክሲኮ አሳፍራ ወደ አገራቸው ያደረሰችው ግራንማ የተባለችው ጀልባ ዛሬ በሃቫና ከተማ እምብርት በመስታወት አዳራሽ ውስጥ ትገኛለች። አብዛኛው ጎብኚ በመስታወቱ ፊት ጥቂት ደቂቃ ቆሞ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል፤ ያየውም ቀለሟ የጸዳ፣ ለሀብታም ቤተሰብ የዕረፍት ቀን የምትሆን ነጭ ጀልባ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ከዚያ ያለፈ ነገር ማየት ለሚሻ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምክሬ፣ ጀልባዋን ከማየት አስቀድሞ የጉዞዋን ታሪክ በሚገባ ማወቅ፣ ካዩዋት በኋላ ደግሞ በሃቫና ሳይወሰኑ ወደ ምሥራቅ ዘልቆ እርሷ የተቀረቀረችበትን ረግረግ በእግር መሄድ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ምቾትም የለውም። ይሁን እንጂ ረግረጉን ያላየ ሰው ይህች ጀልባ ለምን የአንድ አገር አርማ እንደሆነች በግማሽ ብቻ ተረድቶ ይመለሳል የሚል እምነት አለኝ።

ከጉዞው በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1953 በሳንቲያጎ ደ ኩባ የሚገኘውን የሞንካዳ ጦር ሰፈር ለመያዝ ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረና ታሰረ። የታሰረው በዚያን ጊዜ ኢስላ ዴ ፒኖስ በምትባለው ደሴት ላይ በተሠራው ፕሬሲዲዮ ሞዴሎ በተባለ እስር ቤት ነበር። ይህች ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ተብላ የምትጠራው፣ በደርግ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሄደው የተማሩባት ደሴት ናት። ካስትሮ በ1955 በምሕረት ተፈትቶ ወደ ሜክሲኮ ተሰደደ፤ በዚያም ከአርጀንቲናዊው ሐኪም ከቼ ጉቬራ ጋር ተዋወቀ፤ ተከታዮቹም በስፔን የርስ በርስ ጦርነት በተሰለፈው በአልቤርቶ ባዮ እጅ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ።

ወደ ኩባ የሚመለሱበትን መጓጓዣ ለማግኘት ብዙ ተቸግረዋል። ገንዘቡን በከፊል የሰጣቸው በዚያን ጊዜ ኩባን ይገዛ የነበረው ፉልሄንሲዮ ባቲስታ በመፈንቅለ መንግሥት ከሥልጣን ያወረደው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ካርሎስ ፕሪዮ ሶካራስ ነበር። ጀልባዋን አፈላልጎ ያገኘላቸው ደግሞ በሜክሲኮ ከተማ መሣሪያ ይነግድ የነበረው አንቶኒዮ ዴል ኮንዴ ነው። ግራንማ እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ የአንድ አሜሪካዊ ንብረት የነበረችና ብዙ ጥገና የሚያስፈልጋት ጀልባ ነበረች። ርዝመቷ 18 ሜትር ገደማ እንደሆነ ይጻፋል፤ ይህም በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አራት ሚኒባስ ታክሲዎች ተከታትለው ሲቆሙ የሚይዙትን ቦታ ያህል ነው። የተዘጋጀችው 12 ሰው ያህል እንድትይዝ ነበር። የተሳፈሩባት ግን 82 ሰዎች ናቸው።

ሌላው ቢረሳ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ 12 እና 82ን፣ በአእምሮ ይዞ መጓዝ ይገባል። የአንድን ሰው ክብደት 65 ኪሎ ብናደርገው እንኳ ሰዎቹ ብቻ ከአምስት ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ በዚያ ላይ ጠመንጃው፣ ጥይቱ፣ በጀሪካን ተሞልቶ መርከቡ ወለል ላይ የተደረደረው ናፍጣ፣ ውኃውና ስንቁ ይጨመራል። ከስንቁ ብርቱካን ብዙውን እጅ ይይዝ ነበር። ጀልባዋ በውኃው ውስጥ ጠልቃ፣ ከታሰበላት ፍጥነት እጅግ አንሳ የተጓዘችው በዚህ ምክንያት ነው።

የተነሡት በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ግዛት ከምትገኘው ከቱክስፓን ወንዝ ዳር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 1956፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። በማዕበሉ የተነሣ ትንንሽ ጀልባዎች ወደ ባሕር እንዳይወጡ ታግደው ስለነበር፣ መብራት አጥፍተው የሞተሩን ድምፅ ዝቅ አድርገው ከወንዙ ወጡ። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲደርሱ ማዕበሉ ተቀበላቸው። አብዛኞቹ የባሕር ጉዞ የማያውቁ ስለነበሩ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያዛቸው፤ ሐኪሙ ቼም ለዚሁ የሚሆን መድኃኒት ፈልጎ አላገኘም። ወለሉ በውኃ ተሞላ፤ ፓምፖቹ አልሠራ ስላሉ በባልዲ እየቀዱ መድፋት ግድ ሆነባቸው። ከዚህ ሌላ የሞተሩ ፍሪሲዮን ያረጀ ስለነበር ጉልበት አልነበረውም። አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ይዞ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ከማንም በላይ ይረዳል።

ዕቅዳቸው በአምስት ቀን ኩባ መድረስ ነበር። በሳንቲያጎ ፍራንክ ፓይስ የሚመራው የንቅናቄያቸው ክንፍ የእነርሱን መድረስ ታሳቢ አድርጎ ኖቬምበር 30 ቀን ከተማዋ ውስጥ አመፅ አስነሣ፤ ጀልባዋ ግን ገና ባሕር ላይ ስለነበረች ተጓዦቹ ዜናውን የሰሙት በሬዲዮ ነው። በባሕሩ ዳርቻም ሴሊያ ሳንቼስ ያደራጀቻቸው ገበሬዎች መኪና አዘጋጅተው ቢጠብቁም ማንም ሳይመጣ ስለቀረ ተበተኑ። ግራንማ ዲሴምበር 2 ቀን፣ በእኛ ኅዳር 23 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ጎሕ ሲቀድ ከላስ ኮሎራዳስ የባሕር ዳርቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሎስ ካዩዌሎስ በተባለ ቦታ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረች። ነዳጇም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ስለ ሰነድና ስለ ገንዘብ በአጭሩ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ በአዲስ አበባ ከሚገኘው የኩባ ኤምባሲ ስለ ቪዛው መጠየቅ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ አለበት። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖች የአሜሪካ ሕግ ለተራ ሽርሽር ወደ ኩባ መሄድን እንደማይፈቅድና ጉዞው ከተፈቀዱት 12 ምድቦች በአንዱ ሥር መሆን እንዳለበት ማወቅ ይኖርባቸዋል፤ ደረሰኞችን ጠብቆ ማስቀመጥም ይጠቅማል። የአውሮፓ ፓስፖርት ላላቸው ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ወዲህ ኩባን የጎበኘ ሰው ወደ አሜሪካ ያለ ቪዛ በኢንተርኔት ፈቃድ ብቻ የመግባት መብቱን ስለሚያጣ፣ በኋላ አሜሪካ ዘመድ ሊጠይቅ ቢያስብ ኤምባሲ ቀርቦ መደበኛ ቪዛ ማውጣት ይጠበቅበታል። በአሜሪካ ባንኮች የተሰጡ ካርዶች ኩባ ውስጥ አይሠሩም፤ ስለዚህ ዩሮ በጥሬው፣ በትንንሽ ኖት ጭምር መያዝ ያዋጣል። መብራት በየጊዜው ይጠፋል፤ የእጅ ባትሪና ስልክ የሚሞላ ፓወር ባንክ ከሻንጣ እንዳይጎድል።

እንዲሁም ከመነሣትዎ በፊት ኩባ የተማረ ሰው ፈልገው ያነጋግሩ። አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ በውጭ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎችን ማግኘት አያስቸግርም፤ ስፓኒሽኛቸው እስካሁን ያልጠፋ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና መምህራን አሉ። ከማንኛውም የጉዞ ድርጅት የተሻለ ምክር ከእነርሱ ይገኛል። ከቻሉም በቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ባለው የትግላችን ሐውልት ጎራ ብለው በኦጋዴን ጦርነት የወደቁትን የኩባ ወታደሮች ምስል ይመልከቱ። ይህን የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ኩባ የጦር ኃይሎቿን ቀን የምታከብረው ግራንማ በደረሰችበት በዲሴምበር 2 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ከሱማሌ ወራሪ ጦር ጋር ሊዋጋ ኢትዮጵያ የገባው ጦርም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚህችው ጀልባ ነው። ሐውልቱን አይቶ የሄደ ሰው ሃቫና ላይ መስታወቱ ፊት ሲቆም የሚያየው ነገር ይለያል።

ሃቫና፦ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱ፣ ከዚያ ጀልባዋ

የግራንማ መታሰቢያ የሚገኘው ከቀድሞው ፕሬዚዳንታዊ ቤተ መንግሥት፣ ከዛሬው የአብዮት ሙዚየም በስተጀርባ ነው። ከፓርኬ ሴንትራል ተነሥቶ ወደ ሰሜን በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢሄዱ ይደርሳሉ። ሙዚየሙ በዕድሳት ምክንያት ሊዘጋ ስለሚችል በሄዱበት ሰሞን ክፍት መሆኑን ከሚያርፉበት ቤት ባለቤት አስቀድመው ይጠይቁ። ቢዘጋ እንኳ ጀልባዋን ከውጭ፣ ከአጥሩ ማዶ ከመንገድ ላይ ሆኖ በመጠኑ ማየት ይቻላል።

ክፍት ከሆነ ግን ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ መጀመሪያ ወደ ቤተ መንግሥቱ ይግቡ። ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1920 ተመርቆ ሥራ የጀመረ ሲሆን የውስጡን ጌጥ የሠራው የኒው ዮርኩ ቲፋኒ ድርጅት ነበር። ባቲስታ ይኖርበት የነበረውን ይህን ምቾት ዐይቶ ከዚያ ወደ ጀልባዋ መውጣት ንጽጽሩን ያለ አስረጂ ግልጽ ያደርገዋል። በደረጃው አካባቢ የጥይት ቀዳዳዎች እንዳሉ ተጠብቀዋል፤ እነዚህ የግራንማ ሰዎች ሥራ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 1957 በተማሪዎች የሚመራው አብዮታዊ ዳይሬክቶሪዮ ባቲስታን ለመግደል ቤተ መንግሥቱን ባጠቃ ጊዜ የቀሩ ናቸው። አንዳንድ አስጎብኚ ሁሉንም በአንድ ትረካ ጠቅልሎ ስለሚያቀርበው ይህን ለይቶ መያዝ ይጠቅማል፤ በባቲስታ ላይ የተነሣው ከአንድ ጀልባ የወረደ ቡድን ብቻ አልነበረም። ጥቃቱ ላይ የዋለው የዕቃ ማመላለሻ መኪና በጀልባዋ ዙሪያ ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል ይታያል።

በዚሁ ግቢ አውሮፕላን፣ ሚሳይልና እ.ኤ.አ. በ1962 ተመትቶ የወደቀው የአሜሪካ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ስብርባሪ ስላለ ዐይን ይበተናል። ለወታደራዊ ታሪክ ልዩ ፍቅር ከሌለዎት በስተቀር ፈጠን ብለው ይለፏቸው፤ ጊዜውን ለጀልባዋ ይስጡ።

ግራንማ እዚህ መስታወት ውስጥ የተቀመጠችው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የባቲስታ ባሕር ኃይል ማርኳት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ባቲስታ ከሸሸ በኋላ ወደ ሃቫና ወደብ ተወስዳ እንዲጠብቃት በአደራ የተሰጠችው በጉዞው ወቅት ዋና መሪ ዘዋሪዋ ለነበረው ለኖርቤርቶ ኮያዶ ነበር። የዚህ ሰው ነገር ለብቻው ይደንቃል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኩባ ባሕር ኃይል ውስጥ ሳለ የጀርመንን የባሕር ሰርጓጅ ባሰጠመችው ትንሽ የጦር ጀልባ ላይ የድምፅ መከታተያ መሣሪያ ሠራተኛ ነበር።

ወደ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋ ላይ መውጣት አይፈቀድም፤ ስለዚህ አተያይዎ ነው የሚወስነው። መጀመሪያ ከጎኗ ሆነው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ይለኳት። 18 ሜትር መስታወት ሥር ሲታይ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ላይ ሞተሩን፣ የመሪውን ክፍልና የሾጠጠውን የፊት ጫፍ ቀንሰው ለሰው የሚተርፈውን ቦታ ያስሉ። ቀጥለው ሰባት ቀን ሙሉ 82 ሰው የት የት ሊተኛ እንደሚችል በዐይንዎ ይፈልጉ። መልሱ የሚተኛበት እንዳልነበረ ነው፤ ተደራርበው፣ ተቃቅፈው፣ አንዱ በሌላው እግር ላይ ተቀምጠው ነው የሄዱት።

ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ክፍሉ ጣሪያ ይመልከቱ። በመጨረሻው ሌሊት መርከበኛው ሮቤርቶ ሮኬ የካቦ ክሩስን የመብራት ማማ ብልጭታ ለመፈለግ እዚያ ላይ ወጥቶ ሳለ ጀልባዋ ስትናጥ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሌሊቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፤ ነዳጁ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ጊዜውም ከዕቅዱ ሁለት ቀን አልፏል። ፊደል ጀልባዋ ዞራ ሰውየው እንዲፈለግ አዘዘ። በባትሪ መብራትና በጩኸት ፈልገው፣ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ አገኙት። በእኔ ግምት በዚህ ጉዞ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስለ ሰዎቹ የሚናገር ነገር የለም። ፍለጋው ያባከነው ጊዜና ነዳጅ ወደ ተመረጠው ማረፊያ እንዳይደርሱ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም፤ ሆኖም ከጀልባዋ አንድም ሰው ሳይጎድል ኩባ ደርሳለች።

ስለ ፎቶግራፍ፦ መስታወቱ የቀትር ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ማንሣት ይሻላል፤ የካሜራውን ወይም የስልኩን ሌንስ መስታወቱ ላይ አስጠግቶ መለጠፍም ይረዳል። ቦታው በወታደር ይጠበቃል። ጠባቂዎችን ያለ ፈቃድ ማንሣት ክልክል በመሆኑ አስቀድመው በምልክትም ቢሆን ይጠይቁ፤ አጠገቡ ለወደቁ ጀግኖች የሚነደው የማይጠፋ እሳት ዘንድም ድምፅን ዝቅ ማድረግ የአገሬው ወግ ነው።

ከዚያ ሲወጡ በመንገድ ላይ አዛውንቶች የሚሸጡትን ግራንማ ጋዜጣ አንድ ቅጂ ይግዙ። የኩባ ኮሚኒስት ፓርቲ ልሳን የሆነው ይህ ጋዜጣ ሁለት ጋዜጦች ተዋሕደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1965 የተመሠረተ ነው። ስፓኒሽኛ ባያነቡም፣ የጀልባዋ ስም በቀይ ታትሞ መውጣቱ አርማነቷ ምን ያህል ወደ ተራው ኑሮ እንደገባ ያሳያል። አውቶቡሱን ሲጠብቁም ላብ ለማራገብ ይጠቅማል።

ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ

ቀጣዩ መዳረሻ እ.ኤ.አ. በ1976 በተደረገው የአስተዳደር ክፍፍል ከቀድሞው ኦሪየንቴ ጠቅላይ ግዛት ተከፍሎ በጀልባዋ ስም የተሰየመው የግራንማ አውራጃ ነው። ዋና ከተማው ባያሞ ከሃቫና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቪያሱል የተባለው የረጅም ርቀት አውቶቡስ ወደ ሳንቲያጎ ሲሄድ ባያሞ ላይ ይቆማል፤ ቲኬቱን ቀደም ብሎ መግዛት፣ የነዳጅ እጥረት ፕሮግራሙን ሊያዛባው እንደሚችል ማሰብና ለመመለሻም ትርፍ ቀን መያዝ ብልህነት ነው። የኩባን የአውቶቡስ ፕሮግራም አምኖ የመመለሻ አውሮፕላኑን በማግሥቱ የሚይዝ ሰው ራሱን ለጭንቀት ያጋልጣል።

ከባያሞ ለላስ ኮሎራዳስ ቅርብ ወደሆነችው ከተማ ወደ ኒኬሮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከሹፌሩ ጋር መኪና ተኮናትሮ መሄድ የተሻለው አማራጭ ነው። ዋጋውን ሲነጋገሩ መመለሻውንና በመንገድ ላይ የሚቆሙባቸውን ቦታዎች አብረው ይጨምሩ፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መቆም ያስፈልጋልና። የመጀመሪያው ማንሳኒዮ አጠገብ ያለው ላ ዴማሃጓ ነው። ባለርስቱ ካርሎስ ማኑዌል ዴ ሴስፔዴስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 1868 የስኳር ፋብሪካውን ደወል ደውሎ ባሮቹን ነፃ በማውጣት በስፔን ላይ የነፃነት ጦርነት ያወጀው እዚህ ነው። ካስትሮና ጓዶቹ ይህን የምሥራቅ ጠረፍ ሲመርጡ ተራሮቹን ብቻ ሳይሆን ይህን ታሪክም አስበው ነበር።

ሁለተኛው ሜዲያ ሉና የተባለችው ትንሽ ከተማ ናት። ሴሊያ ሳንቼስ የተወለደችበት ቤት ሙዚየም ሆኖ ይገኛል። ስለ ግራንማ ሲወራ ስማቸው የሚጠራው ጀልባዋ ላይ የነበሩት ወንዶች ናቸው፤ ሆኖም የባሕሩን ዳርቻ አጥንታ፣ የሚቀበሏቸውን ገበሬዎች መልምላ፣ በኋላም የተበተኑትን የተረፉ ታጋዮች አሰባስቦ ወደ ተራራ ያደረሰውን መረብ የዘረጋችው እርሷ ናት። ይህን ቤት ሳያዩ ማለፍ የታሪኩን ግማሽ መተው ነው ብዬ አምናለሁ።

ላስ ኮሎራዳስ

አዳር ኒኬሮ ላይ ያድርጉ። ካሳ ፓርቲኩላር የሚባሉት የግለሰብ ቤቶች ቀለል ያሉና ንጹሕ ናቸው፤ እራትም ያዘጋጃሉ። ወደ ላስ ኮሎራዳስ የሚቀረው 20 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ በማለዳ መነሣት ይበጃል፤ ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱና ትንኙ አያስቆምም። የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ባርኔጣና በቂ ውኃ ይያዙ። ሰንደል ጫማ አይሆንም።

በመግቢያው ላይ ትንሽ ሙዚየም፣ የግራንማ አምሳያ ጀልባና የአንድ ከሰል አክሳይ ጎጆ ይገኛሉ። ጎጆዋ ከረግረጉ የወጡትን ሰዎች መጀመሪያ የተቀበላቸውና ያለችውን ምግብ ያካፈላቸው የአንሄል ፔሬስ ሮሳባል ቤት አምሳል ናት። ሃቫና ካለው አዳራሽ ይልቅ እዚህ ያለው አምሳያ ጀልባ ለልጆች ያስደስታል፤ ለአዋቂ ግን ዋናው ነገር ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

ከሙዚየሙ በስተጀርባ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በኮንክሪት የተሠራ ጠባብ የእግረኛ መንገድ በማንግሮቭ ጫካ መካከል አቋርጦ እስከ ባሕሩ ይዘልቃል። በዝግታ ቢሄዱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መካከል ላይ ቆመው ከመንገዱ ወደ ታች ይመልከቱ። የማንግሮቭ ሥሮች ከውኃው ወጥተው፣ ቀስት ሠርተው፣ እንደገና ጭቃ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ሥር ከሌላው ጋር ስለተጠላለፈ እግር የሚያርፍበት ጠንካራ መሬት አይታይም። ውኃው ጥቁር ነው፤ ጭቃው ለስላሳ። ትንኙ ከሥሮቹ መካከል በመንጋ ይነሣል። አሁን በሐሳብዎ ይህን የኮንክሪት መንገድ ያንሡት። ሰዎቹ ሰባት ቀን ሳይተኙ፣ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ፣ አዲስ ቦት ጫማ እግራቸውን ልጦ፣ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ይዘው በዚህ ውስጥ ለሰዓታት ታግለዋል፤ ከባዱን ዕቃ አብዛኛውን ጥለውታል፤ በሰማይ ላይም የባቲስታ አውሮፕላኖች እየፈለጉዋቸው ነበር። ከጊዜ በኋላ ከእነርሱ መካከል ይህ መውረድ ሳይሆን የመርከብ መሰበር ነው ያሉ መኖራቸው አያስገርምም። ደረቅ መሬት የረገጡትም የት እንዳሉ ሳያውቁ ነው።

በመንገዱ ጫፍ ጀልባዋ የቆመችበትን ቦታ የሚያመለክት መታሰቢያ አለ። ከኮንክሪቱ ወርዶ ሥሮቹ ላይ መራመድ ለተክሉም ለእግርም ስለማይበጅ ይታቀቡ። አካባቢው የዴሴምባርኮ ዴል ግራንማ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግን ለአብዮቱ ብሎ ሳይሆን ከባሕሩ እንደ ደረጃ እየተነባበሩ በወጡት የኖራ ድንጋይ እርከኖቹ ምክንያት ነው። ጊዜ ካለዎት እስከ ካቦ ክሩስ ይዝለቁና ሮኬ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ብልጭታውን ይፈልግ የነበረውን የመብራት ማማ ይመልከቱት።

ከረግረጉ በኋላ

ብርቱ ጉልበትና በአራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ያለው ጎብኚ መንገዱን ወደ ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ዲሴምበር 5 ቀን ታጋዮቹ አሌግሪያ ዴ ፒዮ በተባለ ቦታ በሸንኮራ አገዳ ማሳ ዳር አርፈው ሳሉ ጦሩ ደረሰባቸው። መንገድ ሲመራቸው የነበረ ሰው ለጦሩ ጠቁሟቸው ነበር፤ እነርሱም በራብ የተነሣ በየመንገዱ አገዳ እየመጠጡ የጣሉት ምጣጭ ዱካቸውን አጋልጧል። ቼ አንገቱ ላይ የቆሰለው እዚህ ነው፤ የመድኃኒት ሣጥንና የጥይት ሣጥን እግሩ ሥር ወድቀው ሁለቱንም መሸከም ባለመቻሉ ጥይቱን መርጦ መሸሹን ራሱ ጽፏል። ብዙዎች ተገደሉ፣ ተያዙ፣ የቀሩት ተበታተኑ። ምክትል አዛዡ ሁዋን ማኑዌል ማርኬስም ከቀናት በኋላ ተይዞ ተገደለ።

እዚህ ላይ አስጎብኚዎ የተረፉት 12 ብቻ ናቸው ቢልዎት አክብረው ያዳምጡ፤ ግን እንዳለ አይቀበሉት። የሐዋርያትን ቁጥር የሚያስታውሰው 12 በአፈ ታሪክ የጸና ሲሆን፣ በተለያየ ቀን በተራራው ላይ የተገናኙት ግን ከዚያ የሚበልጡ፣ ወደ 20 የሚጠጉ ናቸው። ፊደልና ወንድሙ ራውል የተገናኙት ዲሴምበር 18 ቀን ሲንኮ ፓልማስ በተባለ የገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ራውል አምስት፣ ፊደል ሁለት፣ በድምሩ ሰባት ጠመንጃ ይዘው። ቦታው ላይ መታሰቢያ ቆሟል፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በዝናብ ጊዜ ስለሚበላሽ ከኖቬምበር እስከ አፕሪል ባለው የደረቅ ወቅት መሄድ ይመረጣል።

ቤተሰባቸው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ የተማረ አንባቢዎች ጉዞውን በተቃራኒው አቅጣጫ ማራዘም ይችላሉ። ከሃቫና በስተደቡብ ካለችው ከባታባኖ ወደብ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ይኬዳል። ፕሬሲዲዮ ሞዴሎ ዛሬ ሙዚየም ነው። የድሮ ትምህርት ቤቶቹ አብዛኞቹ አገልግሎት ስላቆሙ ከመሄድዎ በፊት የትምህርት ቤቱን ስም በትክክል ጽፈው ይያዙ፤ በዕድሜ የገፉት ነዋሪዎች ኢትዮጵያውያኑን ስለሚያስታውሱ መጠየቅ አይፍሩ።

የጉዞ ቀንን በተመለከተ፣ ምርጫው ካለዎት የዲሴምበርን የመጀመሪያ ሳምንት እመክራለሁ። ዲሴምበር 2 ቀን ላስ ኮሎራዳስ ላይ 82 ወጣቶች ከአምሳያው ጀልባ እየዘለሉ መውረዱን ደግመው ያሳያሉ፤ ከአምስትና ከአሥር ዓመት አንዴ በሚውሉት ክብረ በዓላት ደግሞ በሃቫናም ሰልፍ ይደረጋል። በጃንዋሪ 2017 በአብዮት አደባባይ በተደረገው ሰልፍ የግራንማ አምሳያ በሕዝቡ መካከል እየተጎተተ አልፏል። ያ ሰልፍ የጉዞውን 60ኛ ዓመት ለማሰብ የታቀደ ቢሆንም፣ ፊደል የሞተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2016፣ ጀልባዋ ከቱክስፓን በተነሣችበት ዕለት በስድሳኛ ዓመቱ ስለነበር መታሰቢያነቱ ለእርሱም ሆነ። በዚህ ሰሞን መሄድ የሚሹ ኒኬሮ ያሉት ማረፊያ ቤቶች ጥቂት በመሆናቸው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት አልጋ ይያዙ፤ ካልተገኘም ማንሳኒዮ ላይ አድረው ዲሴምበር 2 ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ይነሡ፤ ሥነ ሥርዓቱ የሚጀመረው በጠዋት ነውና።